መሪጌታን እሺ ያሰኘሁበት ቀን

ከላይ ጋይንት እስከ እስቴ፣ ከእስቴ እስከ ስማዳ ቆላ ድረስ ሰውን እሺ በማሰኘት የሚስተካከለኝ ሰው አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ ገና አፉን አልፈታም። ይህን የምለው ጉራ ለመንዛት አይደለም። ጉረኛ ማስረጃ የለውም፤ እኔ አለኝ። አንድ ጊዜ ከአርብ ገበያ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ መኪና ሞልቶ፣ ረዳቱ በሩን ዘግቶ፣ ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ሲበተን እኔ ብቻዬን ቀርቤ በንግግር ብቻ ቦታ አግኝቻለሁ። ቦታው ጣራ ላይ ነበር፣ በፍየሎች መካከል። ቢሆንም መኪናው ሄዷል፣ እኔም አብሬው ሄጃለሁ። ፍየሎቹም ደብረ ታቦር እስክንገባ ድረስ ንግግሬን አላቋረጡኝም።

ሙያዬም ይኸው ነበር ማለት ይቻላል። በዚያን ዘመን አርብ ገበያ ላይ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። እንግሊዝኛ ደግሞ፣ ያልተማራችሁት እንዳትሰጉ እንጂ፣ ቃል ያለ ቅጥ የሚያባክን ቋንቋ ነው። እኛ «አሳመነው» ብለን የምንገላገለውን ነገር እነሱ እንደ ሟች ርስት ቆራርሰው ለብዙ ቃል አከፋፍለውታል። አንዱ የአንዱን ድንበር ገፋ ተብሎ መዝገበ ቃላት ውስጥ ሲካሰሱ ይኖራሉ።

ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ይህንኑ ርስት ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ እያካፈልኩ ነበር።

«ኮንቪንስ» አልኩ፣ «የጭንቅላት ነው። ሰውየው ‹እውነትህን ነው› ይልሃል፤ ከተቀመጠበት ግን ላይነሳ ይችላል። ፐርስዌድ የእግር ነው። ሰውየው ተነስቶ ያልከውን ያደርገዋል። ኧርጅ መጎትጎት ነው፤ ዝንብ ይመስል እየተመላለስክ ጆሮው ስር ‹አድርገው፣ አድርገው› ማለት። ኮክስ ማባበል ነው፤ ለስለስ፣ ደልደል እያደረግክ፣ ያኮረፈ ልጅ እንደምታባብለው። ኮምፔል ማስገደድ ነው፤ ዱላው ባይታይም ከኋላህ እንዳለ ታውቀዋለህ። የመጨረሻው ኢንዱስ ነው። ይኼ ተንኮለኛው ነው። ሰውየውን አትለምነውም፣ አትከራከረውም፤ አንድ ነገር ታደርጋለህ፣ ያ ነገር ምክንያት ይሆነውና በራሱ እግር ይመጣል። ለሰው ብቻም አይደለም፤ ዕንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒትም ዕንቅልፍን ኢንዱስ ያደርጋል ይባላል።»

ምሳሌ ሳልሰጥ ማለፍ አልችልም፤ የሙያ በሽታ ነው። «አንድ ሰው አህያውን ወደ አርብ ገበያ ይነዳል እንበል። አህያዋ መንገድ ላይ ቆመች። በዱላ ካስኬዳት ኮምፔል ነው። ጀርባዋን እያሻሸ ካስኬዳት ኮክስ ነው። ገለባ ይዞ ፊት ፊቷ ከሄደና ከተከተለችው ኢንዱስ ነው።»

ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ በሁሉም እምቢ ካለችስ?»

ክፍሉ ሳቀ። «እንግሊዝ አገር እንደዚህ ዓይነት አህያ የለም» ብዬ አለፍኩት። ያን ቀን ልጅቷን በደንብ ሰምቻት ቢሆን ኖሮ ከዚያ ሰሞን ውርደት እተርፍ ነበር።

ይህን ትምህርት በመስኮት ያዳመጠው የሒሳብ መምህሩ ደሳለኝ ነው። ደሳለኝ የስማዳ ገበሬ ልጅ፣ ረዥም፣ ዝምተኛ፣ ቃል ከአፉ የሚያወጣው ቁጥር ከሆነ ብቻ ነበር። ደወል ሲደወል በር ላይ ጠበቀኝ።

«ጋሼ፣ ይኼን ሁሉ የማሳመኛ ቃል ከያዙማ እርስዎ ይሂዱልኝ» አለ።

ነገሩን አውቀዋለሁ። አርብ ገበያ ላይ የማያውቀው አልነበረም። ደሳለኝ ሰብለን ይፈልጋል። ሰብለ በጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ እሷም ትፈልገዋለች። ግን ወደ ቤተ ልሔም ደብር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው መንደር የሚኖሩት አባቷ፣ ቅኔ አስተማሪው መሪጌታ ይትባረክ፣ ሽማግሌ ተልኮባቸው «ላስብበት» ብለው መልሰዋል። በዚህ መካከል ደሳለኝ ስማዳ ውስጥ ወዳለው ወገዳ ተዛወረ፤ ከጥር በኋላ ይሄዳል። ከእስቴ ደግሞ ለአንድ ቆርቆሮ ቤት ለሠራ ነጋዴ ሌላ ሽማግሌ መጥቷል። መሪጌታ የሚያስቡት ሐሳብ ወደ እስቴ እያዘነበለ ነው ይባላል። ሰብለ ነጋዴውን አልፈልግም ብላለች፤ አባቷን ረግጣ ማግባትን ግን ከነጋዴው የባሰ ትጠላዋለች። የሁለተኛው ሽምግልና ቀን እሑድ ነው። ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ፣ ርዕሰ መምህሩ፣ ለስብሰባ ደብረ ታቦር ሄዷል። እሑድ እምቢ ከተባለ አበቃ፤ ደሳለኝ ቁጥሩን ይዞ ብቻውን ወገዳ ይወርዳል።

«ተወው ለኔ» አልኩት።

የቀሩት ሁለት ሽማግሌዎች የደሳለኝ የንስሐ አባት ቄስ አዳነና የሰፈራችን ሰው አያ ሞላ ነበሩ። አያ ሞላ የሽምግልና ነገር ከሆነ እግር የማይጎድላቸው፣ የታረቀ ሁሉ እኔ ነኝ ያስታረቅኩት የሚሉ አዛውንት ናቸው። እኔ መሆኔን ሲሰሙ ከራስ ፀጉሬ እስከ ጫማዬ አዩኝ።

«ይኼ ለዚህ ነገር አይሆንም» አሉ።

«ዕድሜዬ አንሶ ነው?»

«ዕድሜህማ ለሌላም ሰው ይተርፋል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያውን አንተው ታውቀዋለህ።»

ቄስ አዳነ ነገር አይወዱም። «ሰው ከጠፋ ምን እናድርግ አያ ሞላ። ይምጣና ዝም ብሎ ይቁም» አሉ። እኔ «ይምጣ» የሚለውን ሰማሁ እንጂ «ዝም ብሎ» የሚለው ጆሮዬ አልገባም።

እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ተነሳን። ከጎረቤት ጋቢ ተዋስኩ። ርዕሰ መምህሩ ለስብሰባ ሲሄድ ረስቶት የሄደውን ግራጫ ባርኔጣ ደግሞ ከቤቱ ሄጄ ወሰድኩ፤ ባለቤቱ «እንዳይቆሽሽ፣ የሚሳሳለት ነው» ብላ ሰጠችኝ። ባርኔጣውን ደፍቼ ስወጣ ራሴን በመስተዋት ባየው ራሴን እሺ እለው ነበር።

መንገድ ላይ አያ ሞላ ሕጉን አስታወሱን። ጉዳያችን ተሰምቶ መልስ ሳይሰጥ አይገባም፣ አይቀመጥም፣ እህል ውኃ አይቀመስም። «የሽማግሌ ጉልበቱ መቆሙ ነው» አሉ። «ቁመህ ሳለ ባለቤቱ ያፍራል። ከተቀመጥክ እንግዳ ነህ፤ ከበላህ ደግሞ ጨርሰሃል፣ ‹በሉ ደህና ግቡ› ነው።» ደሳለኝ ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ቀረ፤ ሙሽራ ለመሆን የሚለመንለት ሰው ሽምግልናው ላይ አይታይም።

ስንደርስ መሪጌታ ቤት የሉም፤ አውድማ ላይ ናቸው። እሑድ አውድማ ላይ ምን ያደርጋሉ እንዳትሉ፣ በጉና ተራራ በኩል ጥቁር ደመና ተቆልሏል፤ ያለ ወቅቱ ሊመጣ ያለ ዝናብ ነው። ገብሱ ተነስንሶ በሬዎች ይዞሩበታል። ቄስ አዳነ ዕለቱን አስበው ትንሽ ቅር ቢላቸውም ደመናውን ሲያዩ ፊታቸው ተመለሰ።

መሪጌታ አለንጋቸውን ይዘው ከበሬዎቹ ኋላ እየዞሩ ሰላምታ ሰጡን። የጋይንት ሰላምታ ደግሞ አጭር አይደለም። «እንደምን ሰነበታችሁ፤ ቤት ደህና፣ ልጆች ደህና፣ ከብት ደህና?» አሉ። እኔም ከሁለቱ ጋር «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉ ደህና» አልኩ። ለሰላምታ ዝርዝር መልስ የሚሰጥ ሰው ጋይንት ውስጥ እስኪመሽ ከበር አይገባም።

«ቤት ግቡ፣ አረፍ በሉ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንገባም፣ አንቀመጥም» አሉ አያ ሞላ።

«እንግዲያው ቁሙ። እኔም በሬዎቼን አላቆምም፤ ደመናውን እያያችሁት ነው። ተናገሩ፣ እሰማለሁ።»

እዚህ ላይ ችግር ተፈጠረ። መሪጌታ ይዞራሉ። ፊት ለፊቴ የሚደርሱት አውድማውን አንድ ጊዜ ሲዞሩ ነው። ንግግሬን ደግሞ ሌሊቱን ሁሉ ሳዘጋጀው የቆየሁት ረዥም ነበር፤ መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ ነበረው። መሪጌታ ሲመጡ ግማሽ ዐረፍተ ነገር እላለሁ፣ ያልፋሉ። ግሡን ይዤ እስኪመለሱ እጠብቃለሁ። «ክቡር መሪጌታ፣ ይህ በፊትዎ የቆምንለት ወጣት…» ብዬ ሄዱ። ዞረው ሲመጡ «…ጨዋ ነው» አልኩ። «ማን?» አሉና አለፉ።

ስለዚህ ልከተላቸው ወሰንኩ። ወደ አውድማው አንድ እግሬን ሳስገባ በሬዎቹ ቆሙ፤ መሪጌታም ቆሙ። እግሬን አዩ።

«መምህር፣ ጫማ።»

አውድማ በጫማ አይረገጥም። ይህን የገበሬ ልጅ ሁሉ ጡት ሳይጥል ያውቀዋል። እኔ ግን አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ልብስ ሰፊ ቤት ያደገ ሰው የሚያውቀው መርፌ እንዳይረግጥ ብቻ ነው። ጫማዬን አወለቅኩ። የግራ ካልሲዬ ጫፍ ላይ ቀዳዳ ነበር፤ አውራ ጣቴ ሽምግልናውን ለማየት ይመስል ብቅ አለ። አያ ሞላ ፊታቸውን ወደ ጉና አዞሩ።

ስሕተቴን በደግ ቃል ልሸፍን ብዬ ክምሩን እያየሁ፣ «ያማረ ምርት ነው። ስንት ኩንታል ይወጣዋል መሪጌታ?» አልኩ።

ነፋሱ እንኳ ቆመ። አውድማ ላይ ያለ እህል አይቆጠርም፣ አይገመትም፤ በረከቱ ይነሳል። ቄስ አዳነ መስቀላቸውን አውጥተው ወደ ገብሱ እያማተቡ አንድ ጸሎት በጉሮሯቸው አደረሱ። መሪጌታ አለንጋቸውን አነሱ። ከዚያ፣ «በሉ ቀጥሉ» አሉ፤ በሬዎቹን ይሁን እኔን ማለታቸው አልታወቀም። ሁላችንም ቀጠልን።

ከኋላቸው እየዞርኩ ንግግሬን አወረድኩት። አሁን ይህን ሳወራ ትሥቁ ይሆናል እንጂ ንግግሩ ግሩም ነበር። ስለ ደሳለኝ ጨዋነት ተናገርኩ። «እውነት ነው» አሉ። ዘሩን እስከ ቅም አያቱ ቆጥሬ ከማንም ጋር እንደማይገናኝ፣ ከማንም እንደማያንስ አሳየሁ። «እውነት ነው» አሉ። ቤተ ክርስቲያን እንደማይቀር፣ አልኮል እንደማይቀምስ፣ ወገዳም ቢሆን የሰው አገር እንዳልሆነ፣ ጤና ጣቢያም እንዳለው፣ ሰብለ ሥራዋን እንደማታቋርጥ አስረዳሁ። «እውነት ነው መምህር። ይኼም እውነት ነው።» ደስታዬ ልኩን አለፈ። ከመዞሩ ጋር ተጨምሮ ራሴ ዞረ።

«ስለዚህ» አልኩ መደምደሚያው ላይ ደርሼ፣ «ልጅዎን ለደሳለኝ…»

«አልሰጥም» አሉ።

«ሁሉ እውነት ነው ብለዋል።»

«ብያለሁ። ሁሉ እውነት ነው። ልጄን ግን አልሰጥም።»

ሰሌዳው ታወሰኝ። ኮንቪንስ የጭንቅላት ነው፤ ሰውየው ‹እውነትህን ነው› ይልሃል፣ ከተቀመጠበት ግን አይነሳም። እኔም ዝም ብል ደህና ነበር። «መሪጌታ» አልኩ፣ «እንግሊዞች ለዚህ ነገር ብዙ ቃል አላቸው…» ብዬ ኮንቪንስን ከፐርስዌድ፣ ኧርጅን ከኮክስ ለይቼ ከበሬዎቹ ኋላ አስተማርኳቸው። ቅኔ አስተማሪ ናቸውና በጥሞና ሰሙኝ። አንድ ሁለት ጊዜም «ይድገሙልኝ እስቲ» አሉ።

«መልካም ቋንቋ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ለሚለምነው ሰው ይኼን ሁሉ ቃል ሰጡት። ለሚለመነውስ?»

«ማለት?»

«በግዕዙ የሚለመን ሰው ሁለት ቃል አለው። ኦሆ፣ እሺ ለማለት፤ እንብየ፣ እምቢ ለማለት። እኔ የተናገርኩት ሁለተኛውን ነው።»

በዚህ ጊዜ ሰብለ ማሰሮ ይዛ ከቤት መጣች። ሁለቱ ሽማግሌዎች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «አንቀምስም» አሉ። እኔ በውኃ ጥም ሞቼ ነበር፤ ሆኖም «አንቀምስም» አልኩ። ሰብለ ወደ እኔ ጠጋ ብላ አባቷ እንዳይሰሟት በሹክሹክታ ተናገረች።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልለምንዎ?»

«ለምኚኝ።»

«ከእንግዲህ ምንም አይናገሩ።»

ዓይኗ ውስጥ እንባ ነበር። እኔ ደግሞ የማልችለውን ነገር ለምናኛለች። እንባዋን ሳይ ጭራሽ ባሰብኝ። ኧርጅን ሞከርኩ፤ «ይስጡ መሪጌታ፣ ይስጡ» እያልኩ ሦስት ዙር ያህል ከኋላቸው ተከተልኩ፤ አለንጋቸውን ወደ ኋላ ሲወዘውዙት ጋቢዬን አገኘው። ኮክስን ሞከርኩ፤ ስለ ቅኔያቸው ጣፋጭነት ማውራት ስጀምር «የትኛውን ሰምተው ነው?» አሉኝ። አንዱንም አልሰማሁም።

ከዚያ ሰማዩ ነጎደጎደ። መሪጌታ ደመናውን አዩ፣ ክምሩን አዩ። ምርቱን የሚያለብሱት ሸራ ጎተራ ውስጥ ነው። «በሬዎቹን ለአፍታ የሚይዝልኝ አለ?» አሉ። አያ ሞላ ጉልበታቸው ታሟል። ቄስ አዳነ ነጭ ለብሰዋል። ያን ጊዜ ኢንዱስ በልቤ እንደ መብራት በራ። ሽማግሌ አይቀመጥም፣ አይበላም ተባለ እንጂ አይሠራም አልተባለ። ውለታ ልዋልላቸው፤ ውለታው ምክንያት ይሆናቸውና በራሳቸው እግር ይመጣሉ።

«እኔ አለሁ» አልኩ። አያ ሞላ «እግዚኦ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን አልወጣም።

አለንጋውን ተቀበልኩ። በሬዎቹ እኔን አይተው ቆሙ። «ሂዱ» አልኳቸው። አልሄዱም። «ሂዱ እንጂ ወንድሞቼ» አልኩ፤ ኮክስ መሆኑ ነው። ጭራቸውን እንኳ አላነቃነቁም። ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው ተማሪዬ ታየችኝ። እንግሊዝ አገር የለም ያልኩት የአህያ ወገን እዚህ በሬ ሆኖ ቆሟል። አለንጋውን አነሳሁና ያለ አቅጣጫ ወዘወዝኩት፤ የራሴን ጆሮ አገኘሁ። በሬዎቹ ግን ድምፁን ሰምተው ሄዱ፣ ያውም በሩጫ።

የማያውቅ ሰው በሬ መንዳት ከኋላ መሄድ ይመስለዋል። ትልቁ ሥራ ሌላ ነው። በሬ አውድማ ላይ ጭራውን ሲያነሳ ነጂው እፍኝ ጭድ ይዞ ሮጦ መቀበል አለበት፤ ፋንድያ ከምርቱ ላይ አይወድቅም። ይህን ማንም አልነገረኝም። መሪጌታ ሸራውን በትከሻቸው ይዘው ከጎተራው ሲወጡ ቀኙ በሬ ጭራውን አነሳ።

«ያዝ» አሉ መሪጌታ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንቱ ነበርኩ።

«ምኑን?»

«ተቀበል ሰውዬ፣ ገብሱ ላይ እንዳይወድቅ።»

ሰው በጭንቅ ሰዓት ያለውን ነው የሚያቀርበው። እኔ ያለኝ ባርኔጣ ነበር። ከራሴ ላይ አንስቼ ሮጬ ተቀበልኩ። አንዲት ጠብታ ገብሱ ላይ አልወደቀችም፤ ይህን ሁለቱም ሽማግሌዎች ይመሰክራሉ። ርዕሰ መምህሩ የሚሳሳለት ግራጫ ባርኔጣ በሁለት እጄ መካከል፣ ሙሉ፣ ትኩስ፣ እንደ ጽዋ ተይዞ ቀረ።

የት እንደማደርገው አላወቅኩም። እንደያዝኩት ወደ ዳር ስወጣ እዚያ የተጋደመው የጭድ መበተኛ መንሽ ላይ ረገጥኩ፤ እጀታው ተነስቶ ግንባሬን አለኝ። ሚዛኔን ለመጠበቅ በአንድ እጄ መንሹን ያዝኩና ጭዱን ወደ ላይ በተንኩት፤ ነፋሱ ከጉና በኩል ነበርና ጭዱ ሁሉ በቄስ አዳነ ጥምጥም ላይ አረፈ። በሬዎቹ ነጂ ሲያጡ ወደ ክምሩ ሄደው መብላት ጀመሩ። የመጀመሪያዋ የዝናብ ጠብታ አፍንጫዬ ላይ ወደቀች።

ያኔ አጥሩን ዘልሎ አንድ ሰው ገባ። ደሳለኝ ነው። ዛፍ ሥር መቀመጥ አልሆነለትም፤ ቀስ በቀስ ተጠግቶ ከአጥሩ ኋላ ሆኖ ጥፋቴን ሁሉ አይቷል። አውድማው ዳር ሲደርስ ጫማውን ማንም ሳይነግረው አወለቀ። በሬዎቹን በአንዲት ፉጨት ከክምሩ መለሰና ለአያ ሞላ አስያዛቸው። ከመሪጌታ ጋር ሸራውን በሁለት ጫፍ ይዘው ምርቱን አለበሱት፣ ዳር ዳሩን በድንጋይ ጫኑት። አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ሲጨርሱ ዝናቡ መጣ፤ ሁላችንም ጎተራው ጥግ ተጠለልን። እኔ ባርኔጣውን እንደያዝኩ ነበርና ትንሽ ራቅ ብለህ ቁም እንኳ ማንም አላለኝም፤ በራሳቸው ራቁ።

መሪጌታ ደሳለኝን አዩት፤ ማን እንደሆነ አልጠየቁም። ከዚያ እኔን አዩኝ። ጭድ በጢሜ፣ እብጠት በግንባሬ፣ አውራ ጣቴ ከካልሲዬ ውጪ፣ ባርኔጣው በእጄ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በርዷቸው መስሎኝ ነበር። ሲሥቁ ነው። ቅኔ አስተማሪ ሲሥቅ አይታችሁ አታውቁ ይሆናል፤ ከሆዳቸው ተነስቶ እስኪወጣ ጊዜ ይፈጃል፣ ሲወጣ ግን አይመለስም።

«እኔ ልጄን የከለከልኩት» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «መምህር የሚባል ሰው ቤት ማቆም አይችልም ብዬ ነው። ጠመኔ የያዘ እጅ ሌላ ነገር ሲይዝ አላየሁም። ዛሬ አየሁ።» ባርኔጣውን አዩና እንደገና ሣቁ። «ይኼ ልጅ ሥራ ያውቃል፤ መልካም ነው። ግን ልቤን የመለሰው እሱ አይደለም። ይኼኛው ነው።»

ከጣልኩበት ባነሱት አለንጋ ወደ እኔ አመለከቱ።

«ይኼን ሰው አንዲት ሴት ባሌ ብላ ይዛ፣ ቤቱ ሳይፈርስ፣ እሳቱ ሳይጠፋ ካኖረችው፣ ያን ልጅ ማኖር ለኔ ልጅ ጨዋታ ነው። ለዚህ ልጁን የሰጠ አባት በዚህ አገር ከተገኘ፣ እኔ ለዚያ ብከለክል ግፍ ይሆንብኛል። ኦሆ ብያለሁ። ጥር ላይ ይሁን።»

አያ ሞላ አዩኝ። ዓይናቸው «ትንፍሽ ብትል» ይላል። ቄስ አዳነ ዝናቡን ያዩ ነበር። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የማሳመን ሥራ ላይ ቆሜ ዝም አልኩ። ሰብለ የለመነችኝም ይህንኑ ነበር፤ ትንሽ ዘገየሁ እንጂ ቃሏን ጠበቅኩ።

ተቀመጥን፣ ተበላ፣ ተጠጣ። ሰብለ ውጪ ወስዳ እጄን ስታስታጥበኝ ሣቋን መያዝ አቅቷት ነበር።

«መምህር፣ ምጥ አልመጣ ያላት እናት ላይ ሐኪሞች የሚያደርጉትን ያውቃሉ?» አለችኝ። «መድኃኒት ሰጥተው ምጡን ያመጡታል። እሱንም ኢንዱስ ይሉታል።»

«እንግዲያው እኔ መድኃኒቱ ነኝ።»

«ሽታዎ እንኳ ይመስላል» አለችና ውኃውን ጨመረችልኝ።

ልንወጣ ስንል የሰብለ እናት ከጓዳ አዲስ ሌማት ይዘው መጡ፤ በእጃቸው የሰፉት ነው፣ ቀይና አረንጓዴ። «የልጄ ነገር በእርስዎ ሆነ» አሉኝ። «ይኼን ለባለቤትዎ ይስጡልኝ። እሷ ብርቱ ሴት መሆን አለባት።»

ተቀበልኩ። ሌላ ምን ላድርግ።

ደሳለኝና ሰብለ በጥር ተጋቡ፤ ወገዳ ወረዱ፤ ቤታቸው እስከ ዛሬ ቆሟል። ለርዕሰ መምህሩ ባርኔጣውን አጥቤ መለስኩለት፤ አርብ ገበያ ዘንቦ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አያ ሞላ ነገሩን ለማንም አልተናገሩም፤ ለእኔ ግን በተገናኘን ቁጥር «ባለቤትህ ደህና ናት?» ይሉኛል።

እኔም ልንገራችሁና እንለያይ። መሪጌታ ያሏት ሴት የለችም። ያን ጊዜም አልነበረችም፣ አሁንም የለችም። በአገራችን ለትዳር ሽምግልና የሚላከው ትዳር ያለው ሰው ነው፤ አያ ሞላ «አንተው ታውቀዋለህ» ያሉኝ ይኼንኑ ነበር። ለማሳመን የሚሆን የእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ አውቃለሁ፤ እስቴ ላይ ለአንዲት ሴት ሽማግሌ ልኬ እምቢ ተብያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሴት ፊት ቆሜ አፌ ተከፍቶ አያውቅም። ሌማቱ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። እንጀራ ከሰፈር ገዝቼ አስቀምጥበታለሁ፤ ብቻዬን እበላለሁ።